ሲንተቲክ ታካሚዎች የጤና ኤአይን ለመፈተን ይበቃሉ? ፒኤችዲዬን በየት በኩል ላጥብበው?

ተመራማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የዶክትሬት ጥናቴ በሲንተቲክ የታካሚ ዳታ ላይ ነው። የማንም ሰው ያልሆኑ ግን እውነተኛ የሚመስሉ የህክምና መዝገቦችን በኮምፒውተር ፈጥሬ፣ ለሐኪም ምክር የሚሰጡ የኤአይ ሲስተሞችን በነሱ መፈተን ነው የምፈልገው። ለምን እንደሚያስፈልግ እዚህ ላላችሁት መንገር አያሻም። የታካሚ መዝገብ እንደልብ አይገኝም፣ እንደልብ መገኘትም የለበትም። ፈቃዱ ወራት ይፈጃል። ሲገኝም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሆስፒታል ነው፣ እኔ የምፈልገው አይነት ታካሚ ደግሞ እዛ ውስጥ ሦስት አራት ቢገኝ ነው።

ፕሮፖዛሌ ላይ ያስቀመጥኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከእውነተኛ መዝገብ የሚማር አመንጪ ሞዴል እሰራለሁ። ቀጥሎ የሚያመነጨው ዳታ እውነተኛውን ምን ያህል እንደሚመስል አሳያለሁ። ከዛ በዳታው ሁለት ሲስተሞች እፈትናለሁ፤ አንዱ ሴፕሲስን (ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው ከልክ ያለፈ ምላሽ የራሱን አካላት የሚጎዳበት አደገኛ ሁኔታ) ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ፣ ሌላው የመድኃኒት መጠን የሚያማክር።

ገምጋሚዎቼ አንድ ቦታ ላይ ይዘውኛል። «ዳታሽ እውነተኛውን መሰለ እንበል። ታዲያ ፈተናሽን ያለፈ ኤአይ ለታካሚ ደህና መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?» ይላሉ። የምመልሰው አላጣሁም፣ ግን መልሴ እኔንም አያጠግበኝም። በዚህ ዙሪያ የሰራችሁ፣ ወይም በሌላ በኩል ኤአዩን ስራ ላይ የምትጠቀሙበት ካላችሁ፣ ፊት ለፊት ንገሩኝ። ጥናቱን ማጥበብ ካለብኝ ጊዜው አሁን ነው።

ቁጥርና ሚዛን

ገምጋሚዎችሽ ልክ ናቸው ብዬ ልጀምር። ጥያቄያቸው እንቅፋት አይደለም፣ የጥናትሽ እምብርት ነው።

ሀሳቡ ራሱ የቆየ ነው። የስታትስቲክስ ምሁሩ ዶናልድ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1993 ሙሉ በሙሉ ሲንተቲክ የሆነ ዳታ ሲያቀርብ፣ ዓላማው የሰዎች መረጃ ሚስጥሩ ሳይወጣ ለተመራማሪ እንዲደርስ ነበር። በ2017 ሜድጋን መጣ፤ ከህክምና መዝገብ ተምሮ አዳዲስ መዝገብ የሚፈጥር ኒውራል ኔትወርክ። ከዛ ወዲህ የወጣው ጥናት አብዛኛው ሁለት ነገር ነው የሚጠይቀው። ዳታው እውነተኛውን ይመስላል ወይ? በሱ የሰለጠነ ሞዴል እውነተኛ ታካሚ ላይ ይሰራል ወይ? ሁለቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፣ ግን ለማሰልጠኛ ዳታ ነው የሚሆኑት። ያንቺ ነገር የተገለበጠ ነው። ኤአዩ በእውነተኛ ሰዎች ሰልጥኖ መጥቷል፣ ሲንተቲኩ ፈታኝ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ፈታኝን መመሳሰል ብቻውን አያስመሰግነውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አመንጪሽ የሚማረው ኤአዩ ከተማረበት አይነት መዝገብ ነው። መዝገቡ የሳተውን ኤአዩ ይስታል፣ አመንጪውም አብሮ ይስታል፣ ፈተናው ላይ ሁለቱ ይስማማሉ። ተማሪ ከራሱ ደብተር ፈተና አውጥቶ ራሱን ሲፈትን እንደማለት ነው።

የታወቀ ምሳሌ ላንሳ። ሪች ካሩዋናና ባልደረቦቹ በ2015 ያሳተሙት ጥናት ላይ አለ። የሳንባ ምች የያዛቸውን ሰዎች የሞት አደጋ የሚገምት ሞዴል «አስም ያለበት ሰው አደጋው ዝቅ ያለ ነው» ብሎ ተማረ። መዝገቡ ላይ ነገሩ እውነት ነበር። አስም ያለባቸው ሰዎች ቶሎ ጽኑ ህሙማን ክፍል ገብተው ጠንካራ ህክምና ስለሚያገኙ፣ ከሌሎቹ በተሻለ ይተርፉ ነበር። ሞዴሉን አምነሽ ወደ ቤታቸው ብትመልሻቸው ግን ይሞታሉ። እንግዲህ አስቢው። ከዛው መዝገብ የተማረ አመንጪ የሚፈጥራቸው አስም ያለባቸው ታካሚዎችም እንደዚያው በደህና የሚተርፉ ናቸው። ፈተናሽ ለዚህ ሞዴል ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል። መመሳሰሉ በጨመረ ቁጥር ጥፋቱ ይበልጥ ይደበቃል ማለት ነው።

ስለዚህ «ምን ያህል ይመስላል» የሚለውን ከጥናትሽ መሀል አውጪው። ጎን ላይ ይኑር። መሀል ላይ ሌላ ጥያቄ ያስፈልግሻል።

ሰንጠረዥ

እኔ የሆስፒታል ዳታቤዝ ላይ ነው የምሰራው። ቁጥርና ሚዛን ባለው እስማማለሁ፣ ግን ከታች በኩል ያለውን ደግሞ ልጨምር። አመንጪዎች የሚፈጥሩት ዳታ ከመጠን በላይ ንጹህ ነው።

የትንፋሽ ቁጥርን ውሰዱ። እውነተኛ መዝገብ ላይ 18 እና 20 ተራራ ሰርተው ታያላችሁ። ሰዎች ሁሉ በደቂቃ 18 ጊዜ ስለሚተነፍሱ አይደለም። አንድ ነርስ ብዙ አልጋ ይዛ ስትሮጥ፣ ደቂቃ ሙሉ ቆማ መቁጠር ስለማይመቻት ነው። አብዛኛው አመንጪ ይህን ተራራ ያለሰልሰዋል። ኤአዩ ስራ ላይ ሲውል የሚያገኘው ግን ያልለሰለሰውን ነው።

የጎደለ ቁጥርም ራሱ ይናገራል። ላብራቶሪ ያልታዘዘለት ታካሚ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ያልሰጋለት ታካሚ ነው። በ2018 ቢኤምጄ በሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የምርመራውን ውጤት ከምርመራው መታዘዝና ከታዘዘበት ሰዓት ጋር አወዳደረ። ለአብዛኞቹ ምርመራዎች የታዘዙበት ሁኔታ ከውጤቱ በላይ ስለታካሚው መትረፍ ይናገር ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደም የሚቀዳለት ሰው ያለምክንያት አይቀዳለትም። ሲንተቲክ ዳታሽ ውስጥ ባዶ ቦታዎቹ በዘፈቀደ ከተበተኑ፣ ኤአዩ የሐኪሙን ስጋት እያነበበ እንጂ በሽታውን እያነበበ እንዳልሆነ በፍጹም አታይም።

ለስልጠና የምትጠቀሚበትን መዝገብም ከስሩ እወቂው። ለምሳሌ ለተመራማሪዎች የተዘጋጀው ሚሚክ ሦስት የሚባለው መዝገብ ከአንድ የቦስተን ሆስፒታል የጽኑ ህሙማን ክፍሎች የተሰበሰበ ነው፣ ከ2001 እስከ 2012 ድረስ፣ ከ40 ሺህ በላይ ታካሚዎች። ሰዎቹ እንዳይታወቁ ተብሎ ቀኖቹ ወደፊት ተገፍተዋል። ከ89 ዓመት በላይ የሆኑት ደግሞ ዕድሜያቸው ሲሰላ 300 ዓመት ገደማ ይመጣል። መመሪያውን ሳያነብ ቀጥታ አመንጪ ያሰለጠነ ሰው የ300 ዓመት ሽማግሌዎች ያመርታል፣ ወይ እነሱን ሰርዞ ከ89 ዓመት በላይ ያሉ አዛውንቶችን በሙሉ ከፈተናው ያስወጣል። ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ማንም አያየውም። ሴፕሲስ ደግሞ አዛውንቶችን ነው አጥብቆ የሚይዘው።

ኮድ ፈታሽ

ሙያዬ ሶፍትዌር ፍተሻ ነው፣ አሁን የህክምና ሶፍትዌር ላይ ነኝ። ከኛ ሰፈር ሁለት ነገር ላውስሽ። ለጥናትሽ መልሱ እዚህ አካባቢ ይመስለኛል።

አንደኛው ሙቴሽን ቴስቲንግ የምንለው ነው። ፈተናህ ጥሩ መሆኑን በምን ታውቃለህ? ፕሮግራሙን ሆን ብለህ ታበላሸዋለህ፣ ከዛ ፈተናው ብልሽቱን ይይዘው እንደሆነ ታያለህ። ካልያዘ ፈተናው ነው ደካማው። ይህን ወደ ኤአዩ አምጪው። የመድኃኒት መጠን አማካሪውን ኮፒ አድርገሽ አንዱ ላይ ዕድሜን እንዳያይ አድርጊ። አንዱ ላይ የአለርጂ ማጣሪያውን አውጪ። አንዱ ላይ የላብራቶሪ ውጤት ስድስት ሰዓት ዘግይቶ እንዲደርሰው አድርጊ። አንዱን አስም ያለበትን ሁሉ አደጋው ዝቅ ያለ ነው ብሎ እንዲያምን አሰልጥኚው። ከዛ ሲንተቲክ ታካሚዎችሽን በሁሉም ላይ ልቀቂባቸው። ከተተከሉት ጥፋቶች ውስጥ ስንቱን አጋለጡ? የዳታሽ ነጥብ ይሄ ነው። እውነተኛውን መምሰሉ ሳይሆን ጥፋት ማጋለጡ።

ሁለተኛው ደግሞ ትክክለኛው መልስ ምን እንደሆነ በማናውቅበት ጊዜ የሚረዳ ነው። አንድ ታካሚ ውሰጂ። ክሬቲኒኑ (የኩላሊትን ስራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) 1.0 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ያንኑ ሰው በሌላኛው መለኪያ ጻፊው፣ 88.4 ማይክሮሞል በሊትር ይሆናል። ኩላሊቱ ያው ኩላሊት ነው፣ ምክሩም ያው መሆን አለበት። ተለወጠ? ጥፋት አገኘሽ፣ ያውም ሐኪም ሳትጠይቂ። የመድኃኒቶቹን ቅደም ተከተል ቀይሪ፣ መዝገቡ ላይ የማይገናኝ የድሮ የጥርስ ህክምና ጨምሪ፣ የብሔረሰብ ወይም የዘር መስኩን ብቻ ለውጪ። እያንዳንዱ መንታ ጥያቄ ነው። እውነተኛ ታካሚ ይህን ሊያደርግልሽ አይችልም፣ ምክንያቱም መንታውን ከየት ታመጫለሽ?

ወሰን ላይ ያሉትንም አትርሺ። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ30 በታች ሲወርድ አይሰጥም። እንግዲህ 29 እና 30 እና 31 ላይ የቆሙ የስኳር ታካሚዎች ያስፈልጉሻል። እውነተኛውን ስርጭት በታማኝነት የሚከተል አመንጪ እዛ ጫፍ ላይ የሚጥልልሽ ጥቂት ሰው ነው። አንቺ ግን ጫፉን በፈለግሽው ያህል መሙላት ትችያለሽ። ሲንተቲክ ዳታ እውነተኛውን የሚበልጥበት ቦታ ይሄ ነው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም ብዙ ሰው የሚዘለውም ይሄንኑ ነው።

ተመራማሪዋ

ኮድ ፈታሽ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ይሄ ብዙ ነገር ይከፍትልኛል። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። የምተክለው ጥፋት እኔ ያሰብኩትን ብቻ ነው። የኤአይ ሞዴል እንደ ተራ ፕሮግራም አንድ መስመር ተሳስቶ አይበላሽም፤ ብልሽቱ ቁጥሮቹ ውስጥ ተበትኖ ነው ያለው። ታዲያ የተከልኩትን መያዜ ያልተከልኩትን ስለመያዜ ምን ይናገራል?

ሌላው፣ አመንጪዬ ከዳታ የሚማር ይሁን ወይስ እንደ ሲንቲያ በህግ የሚመራ? ሲንቲያ ክፍት ነው፣ ማይተር የሚባለው ድርጅት ነው የሰራው፣ እያንዳንዱን በሽታ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በተጻፈ ሂደት ያስኬደዋል። ሐኪም ካላችሁ ደግሞ ሴፕሲሱ ላይ አንድ በሉኝ።

የማታ ተረኛ

ሐኪም ነኝ፣ የምሰራው ድንገተኛ ክፍል ነው። እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች ስልኬ ላይ ነው የሚጮሁት፣ ስለዚህ ነገሩ ያገባኛል።

መጀመሪያ የሆነውን ላስታውስ። ኤፒክ የሚባለው ኩባንያ የሰራው የሴፕሲስ ሞዴል በመቶዎች በሚቆጠሩ ሆስፒታሎች ገብቶ ነበር። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ሲፈትኑት ውጤቱን በ2021 አሳተሙ። የመለየት አቅሙ 0.63 ነበር፤ 1 ማለት ፍጹም ነው፣ 0.5 ማለት ሳንቲም መወርወር ነው። ሴፕሲስ ከያዛቸው ውስጥ 67 በመቶውን ስቷል፣ ከተኙት ታካሚዎች ሁሉ ደግሞ በ18 በመቶው ላይ ጮኋል። ይህን ያጋለጠው በእውነተኛ ታካሚ ላይ፣ በሌላ ቦታ፣ ከገንቢው ውጪ በሆነ ሰው የተደረገ ፍተሻ ነው። ሲንተቲክ ዳታ ያንን ይተካል የሚል ሰው ካለ እኔ አልቀበልም።

ነገር ግን ከዛ በፊት ሊያዙ የሚችሉ ጥፋቶች አሉ፣ እዛ ላይ ነው አንቺ የምታስፈልጊን። የሚያስፈሩኝን ታካሚዎች ልንገርሽ። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ቤታ ብሎከር የሚወስድ ሰው ሴፕሲስ ሲይዘው ልቡ እንደሌላው ሰው አይሮጥም። መድኃኒቱ ይዞታል። የልብ ምቱ 84 ሆኖ እየሞተ ሊሆን ይችላል። አዛውንት ሴት ትመጣለች፣ ትኩሳት የላትም፣ ልጇ «ከትናንት ጀምሮ ትዘባርቃለች» ብቻ ይላል። ያ መዘባረቅ ነው ምልክቱ። የኬሞቴራፒ ታካሚ ነጭ የደም ሕዋሱ ከፍ አይልም፣ ከፍ የሚልበት አቅም የለውም። ስቴሮይድ የሚወስደው ደግሞ ያለኢንፌክሽንም ነጭ ሕዋሱ ከፍ ይላል። እነዚህ መዝገብ ውስጥ አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው፣ አማካይ ውስጥ ይጠፋሉ። ጥሩ ተረኛ ሐኪም ከመጽሐፉ ይልቅ በነሱ ነው የሚታወቀው።

የመጀመሪያ ጥያቄሽን በዚህ በኩል እዪው። የምትተክይውን ጥፋት ከራስሽ አታውጪው። ሐኪምና ነርስ ጠይቂ። የህክምና ስህተት የተመረመረበትን ሪፖርት አንብቢ። ሰው ሲሳሳትበት የኖረበት ቦታ ላይ ማሽኑም ሳይሳሳት አይቀርም፣ የተማረው ከኛ ነውና።

ሲንቲያን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። በ2019 የህክምና ጥራት መለኪያዎችን ይዘው የፈተሹት ሰዎች የህዝቡን አይነትና አገልግሎት የማግኘት ዕድሉን በደህና ሁኔታ አግኝተውታል። ከህክምናው በኋላ ታካሚው ምን እንደሆነ ላይ ግን ደካማ ነበር። እኔም አይገርመኝም። መመሪያን ተከትሎ የሚታመም ሰው የለም።

ቁልፍ ያዥ

የግላዊነት ጉዳይ ካልተነሳ እኔ ላንሳው። «ሲንተቲክ ስለሆነ ሚስጥር አይወጣበትም» የሚለው አባባል ሲደጋገም ያሳስበኛል።

ላታንያ ስዊኒ በ1990ዎቹ ያሳየችውን አስታውሱ። ስም የተነሳበት የሆስፒታል ዳታ ውስጥ የማሳቹሴትስን አገረ ገዥ ዊልያም ዌልድን አገኘችው፤ በ20 ዶላር በገዛችው የመራጮች መዝገብ፣ በትውልድ ቀን፣ በጾታና በፖስታ ኮድ። ሲንተቲክ ዳታ የመጣው ስም መሰረዝ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። ነገር ግን ከዳታ የሚማር አመንጪ መጠኑ ካልተገደበ ይሸመድዳል። የሚሸመድደው ደግሞ ተራውን ሰው አይደለም፣ ብርቅዬውን ነው። ያልተለመደ በሽታ ያለባት የ17 ዓመት ልጅ መዝገቡ ውስጥ አንድ ብቻ ከሆነች፣ «ሲንተቲክ» የተባለችው የ17 ዓመት ልጅ እሷው ራሷ ልትሆን ትችላለች።

መከላከያ አለ፣ ዲፈረንሺያል ፕራይቬሲ። ሲንቲያ ድወርክና ጓደኞቿ በ2006 ያቀረቡት ነው (ስሟ ከሶፍትዌሩ ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው)። ማንም አንድ ሰው መዝገቡ ውስጥ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ውጤቱን ብዙም እንዳይለውጠው ልክ ያለው ሁከት፣ ማለትም የዘፈቀደ ለውጥ፣ ትጨምሪበታለሽ። ዋጋው ግን አለ። ሁከቱ መጀመሪያ የሚያጠፋው ያንኑ ብርቅዬውን ነው። ስታድለርና ባልደረቦቿ በ2022 ሲንተቲክ ዳታን ከድሮዎቹ ዘዴዎች ጋር አወዳድረው ያገኙትም ይሄንኑ ነው፤ ወይ ሚስጥሩ አይጠበቅም ወይ ጥቅሙ ይጠፋል፣ የትኛው ሰው እንደሚጋለጥም አስቀድሞ አይታወቅም።

አሁን የማታ ተረኛ የዘረዘሯቸውን ታካሚዎች መልሳችሁ እዩ። በሙሉ ብርቅዬዎቹ ናቸው። ከዳታ የሚማር አመንጪ ወይ ይደብቃቸዋል ወይ ያጋልጣቸዋል። ከህክምና እውቀት ተነስተሽ በእጅሽ የምትቀርጺያቸው ከሆነ ግን የማንንም ሚስጥር አትነኪም፣ ምክንያቱም ከማንም አልወሰድሽም። ለኔ ይሄ ብቻውን ጥናቱን ወደ ተነደፉ ታካሚዎች ለማዞር ይበቃል።

ጠርጣሪው

ሁሉንም አነበብኩ። አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ሐኪም ተቀምጦ በእጁ የሚነድፈው ከሆነ ለምን ሲንተቲክ ዳታ ይባላል? የፈተና ጥያቄ ማውጣት ነው። ፒኤችዲው የቱ ጋ ነው? ደግሞስ አንድ ሚሊዮን ታካሚ በአንድ ሌሊት ማመንጨት እየተቻለ ለምን በጥቂቱ?

ቁጥርና ሚዛን

ጠርጣሪው፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ከሚሊዮኑ ልጀምር። አመንጪህ ከ1,000 እውነተኛ ታካሚ ተምሮ ሚሊዮን ቢያመነጭ፣ በእጅህ ያለው አሁንም የ1,000 ሰው እውቀት ነው። ሚሊዮኑን እንደ ሚሊዮን ሰው ቆጥረህ የስህተት ህዳግ ብታሰላ ከፀጉር የቀጠነ ህዳግ ታገኛለህ፣ ውሸት ነው። ወረቀቶች ላይ ይህን ሳይ በጣም ያበሳጨኛል፣ ምክንያቱም ተቆጣጣሪ አካል ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ እርግጠኝነት መስሎ ነው የሚነበበው።

ደግሞ ብዛት የማይፈታው ነገር አለ። በ2019 ኦበርማየርና ባልደረቦቹ ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡትን አስቡ። አሜሪካ ውስጥ ተጨማሪ እንክብካቤ የሚያስፈልገውን ታካሚ የሚመርጥ አልጎሪዝም ነበር። የጤና ችግርን የሚለካው በወጪ ነው። ለጥቁር ታካሚዎች ደግሞ ተመሳሳይ ሕመም እያላቸው ያነሰ ወጪ ይወጣ ነበር። ስለዚህ በእኩል ነጥብ ላይ ያሉ ጥቁር ታካሚዎች ከነጮቹ የበለጠ የታመሙ ነበሩ። አድልኦው ቢስተካከል ለእንክብካቤው ከሚመረጡት ውስጥ የጥቁሮቹ ድርሻ ከ17.7 ወደ 46.5 በመቶ ይወጣ ነበር። ከዛ መዝገብ መቶ ሚሊዮን ሰው ብታመነጭ ሁሉም ያንኑ ወጪ ይዘው ነው የሚወለዱት። መለኪያው ራሱ ነው የተጣመመው። የተነደፈ መንታ ግን ወዲያው ያሳይሃል። ሕመማቸው አንድ የሆነ፣ ያለፈው ዓመት ወጪያቸው ግን የተለያየ ሁለት ሰዎችን ስጠው። ነጥባቸው ከተለያየ አልጎሪዝሙ ምን እያነበበ እንደሆነ አወቅክ።

ፒኤችዲው የቱ ጋ ነው ላልከው፣ እኔ እዚህ ጋ አየዋለሁ። በእጅ ከተነደፉ ጥቂት ታካሚዎች ተነስቶ፣ የህክምና ትርጉማቸው ሳይፈርስ፣ ወደ ሺዎች እንዴት ይሰፋል? ፖታሲየሙን ስትለውጥ የልብ ምርመራው አብሮ መለወጥ አለበት። ዕድሜውን ስትጨምር ኩላሊቱ፣ ክብደቱ፣ የመድኃኒት ዝርዝሩ አብሮ መሄድ አለበት። ከዳታ የተማረ አመንጪ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው፤ ማን እንደሚፈተን አይወስንም፣ የተነደፈው ሰው ሰው እንዲመስል ዙሪያውን ይሞላል። ያ ቀላል ስራ አይደለም፣ በደንብ የሰራውም ብዙ አይደለም።

ተመራማሪዋ

አሁን ጥያቄዬ እየጠራልኝ ነው። እንዲህ ብጽፈው ምን ትላላችሁ?

ዋናው ጥያቄ «በህክምና እውቀት የተነደፉ ሲንተቲክ ታካሚዎች የትኛውን አይነት ጥፋት ያጋልጣሉ፣ የትኛውንስ አያጋልጡም» ይሆናል። ጥፋቶቹን ከሐኪሞች፣ ከነርሶችና ከታተሙ የአደጋ ምርመራዎች አሰባስቤ በሞዴሎቹ ላይ እተክላለሁ። ሦስት አይነት ዳታ አወዳድራለሁ፦ ከመዝገብ የተማረ፣ በህግ የተመራ፣ የተነደፈና የሰፋ። ለእያንዳንዱ ያጋለጠውን እቆጥራለሁ። ያልተከልኩትን ጥፋት በተመለከተ ደግሞ፣ ከተተከሉት የተወሰኑትን ሌላ ቡድን ለኔ ሳይነግረኝ እንዲተክላቸው አደርጋለሁ። ታካሚዎቹን የምነድፈው እነዚያን ሳላውቅ ነው። በመጨረሻ በትንሽ እውነተኛ መዝገብ ላይ አረጋግጣለሁ፤ ሲንተቲኩ ያጋለጠው ጥፋት እውነተኛ ታካሚ ላይም ይታያል ወይ ብዬ።

«ኤአዩ ደህና ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጥናቴ ውስጥ አይኖርም። «እነዚህ ጥፋቶች አልተገኙበትም፣ እነዚህን ደግሞ ይህ ዘዴ አያይም» እላለሁ።

ሰንጠረዥ

ያ ሁለተኛው ግማሽ፣ «አያይም» የምትይው፣ በዝርዝር ይጻፍ። ሆስፒታል ገዝቶ ሊያስገባ ሲል የሚፈልገው እሱን ነው። ሲንተቲክ ታካሚ ነርሷ ሁለት መዝገብ ስታምታታ፣ የላብራቶሪው ማሽን ሲቀየር፣ የተበላሸ የደም ናሙና ሲመጣና ሕዋሶቹ ፈርሰው ፖታሲየሙን በሐሰት ከፍ ሲያደርጉት አያውቅም፣ አንቺ ካላስተማርሽው በስተቀር። ጥቂቱን አስተምሪው። የፈረሰ ናሙና ለምሳሌ ቀላል ነው፦ ፖታሲየም 6.8፣ የልብ ምርመራ ደህና፣ ኩላሊት ደህና፣ ከሰዓት በኋላ ሲደገም 4.2። ኤአዩ በመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ተነስቶ መድኃኒት ካዘዘ አየሽው።

ኮድ ፈታሽ

ስውር ተካዮቹን ወድጄዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። ለተነደፉት ታካሚዎች ትክክለኛውን መልስ ማን ይጽፋል? አንድ ሐኪም ብቻ ከጻፈው ፈተናሽ የዛን ሰው አስተያየት ነው የሚለካው።

የማታ ተረኛ

ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ ይጻፉ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ። ከተስማሙ መልስ ሆነ። ካልተስማሙ ሦስተኛ አስገብታችሁ አታስታርቋቸው፣ ያንን ታካሚ ለብቻው አስቀምጡት። ሐኪሞች የማይስማሙበት ቦታ ላይ ኤአዩ ሙሉ እርግጠኛ ሆኖ ከተናገረ ያ ራሱ ጥፋት ነው፣ መቆጠርም አለበት።

ሌላው፣ ሴፕሲሱ ላይ መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ አይሁን። ሰዓት ይኑረው። ከገባበት ጀምሮ በየሰዓቱ የሚለወጥ መዝገብ ስሪና፣ ሐኪሞቹ «እኔ ብሆን አንቲባዮቲኩን እዚህ ላይ እጀምር ነበር» ያሉበትን መስመር አስምሪ። ኤአዩ ከመስመሩ በኋላ ከነቃ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ለታካሚው አልደረሰለትም። ከመስመሩ በጣም ቀድሞ ከጮኸ ደግሞ ምን አይቶ እንደጮኸ ጠይቂው። የተረጋጋ ታካሚ ላይ በየሌሊቱ ለሚጮህ ማሽን ተረኛው ጆሮ መስጠት ያቆማል። ቤታ ብሎከር የሚወስደውን ሰው በየሰዓቱ ጽፌ እልክልሻለሁ፣ ከሱ ጀምሪ።